ከቱሪን እስከ ደቻቱ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ አንድ ጨዋታ ይዣለሁ። ረዘም ስለሚል ውሃችሁን አጠገባችሁ አድርጉ። ድሬዳዋ ላይ ያለ ውሃ ወሬ አይሰማም።

ክረምት ሲባል ደገኛው ጃንጥላና ጭቃ ይታየዋል። የድሬ ክረምት ሌላ ነው። ሐምሌ ገብቶ ትምህርት ቤት ቢዘጋም ፀሐይዋ ንቅንቅ አትልም። ቀትር ሲያልፍ የከዚራ ሱቆች በራቸውን ገርበብ ያደርጋሉ፤ ባጃጆች የዛፍ ጥላ ይሻማሉ፤ ትልቁ ሰው ፍራሹን አንጥፎ፣ ትራሱን ደግፎ በርጫውን ይይዛል። ታዲያ በዚያ ሰዓት የአሥራ አራትና የአሥራ አምስት ዓመቱ ልጅ የት ነው? ከነምበር ዋን እስከ ሳቢያን ዞራችሁ ብትጠይቁ መልሱ ብዙም አይለያይም። ወይ ስልኩ ላይ አፍጥጧል፤ ወይ ከትልልቆቹ ጥግ ቁጭ ብሎ ቅጠሏን «እስቲ ልሞክራት» ሊል ጥቂት ቀርቶታል።

በዚያው ሰዓት፣ ሁሉም ባይሆን በብዙው ቤተ ክርስቲያን ግቢ አንድ አዳራሽ አለ። ወንበሩ ተደርድሯል፤ ማራገቢያው ጣሪያ ላይ ተሰቅሏል፤ የመብራት መስመሩ ተዘርግቷል፤ ድምፅ ማጉያው ጥግ ይዟል። በሩ ላይ ግን ቁልፍ አለበት። እሑድ እስኪመጣ የሚገባበት የለም። የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ልጁና ስለ አዳራሹ ነው። አጀማመሬ ግን ከድሬ አይደለም። ብርድ ካለበት አገር፣ ከጣሊያኗ ቱሪን ነው።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 8 ቀን 1841 ነው። ክህነት ከተቀበለ ገና ስድስት ወሩ የሆነ ጆቫኒ ቦስኮ የሚባል ወጣት ካህን በቅዱስ ፍራንቸስኮስ ቤተ ክርስቲያን ልብሰ ተክህኖውን እየለበሰ ለቅዳሴ ይሰናዳል። ብርዱ ነድቶት ይሁን የቤተ ክርስቲያኑ ግርማ ስቦት፣ አንድ ጎረምሳ ወደ ልብስ መልበሻው ክፍል ብቅ አለ። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ቅዳሴውን እንዲያግዝ ጠራው። ልጁ አልችልም አለ። ኧረ ና! ኧረ አልችልም፣ አግዤም አላውቅ! ሰውየው ቱግ አለ። ካልቻልህ እዚህ ምን ልትሠራ መጣህ ብሎ የአቧራ ማራገፊያውን እንጨት አንስቶ በልጁ ትከሻ ላይ ያሳርፈው ጀመር። ልጁም እግሬ አውጪኝ!

ካህኑ ይህን ሲያይ ምን አደረገህና ትመታዋለህ ብሎ ጮኸ። ሰውየው ደግሞ አንተን ምን አገባህ እንደ ማለት ቃጣው። ይኼኔ ካህኑ ማንም ያልጠበቀውን ተናገረ፤ ልጁ ወዳጄ ነው፣ አሁኑኑ መልሰህ አምጣልኝ አለ። በሕይወቱ አይቶት የማያውቀውን ልጅ!

ልጁ እየተንቀጠቀጠ ተመለሰ። ከቅዳሴ በኋላ ቁጭ ብለው መነጋገር ያዙ። ስም? ባርቶሎሜዎ ጋሬሊ። አገር? አስቲ። አባት? ሞቷል። እናት? እሷም ሞታለች። ዕድሜው አሥራ ስድስት፣ ሥራው የግንበኛ ረዳት። ማንበብ? አይችልም። መጻፍ? አይችልም። መዝፈንስ? ዐይኑን እየጠረገ፣ እሱንም አይችልም። ካህኑ ትንሽ አሰብ አደረገና፣ ማፏጨትስ ትችላለህ አለው። ልጁ ሳቀ።

አቦ፣ እኔ ከዚህ ታሪክ የምወደው ይህችን ቦታ ነው። «አልችልም፣ አልችልም» እያለ የመጣውን ልጅ የሚችለውን አንዲት ነገር እስኪያገኝለት ድረስ ጠየቀው። ከዚያ ማማተብን አስተማረው፤ አብረው አንዲት ጸሎት ደገሙ። በሚቀጥለው እሑድ ጋሬሊ ብቻውን አልመጣም፤ ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። እነሱም ሌሎችን አመጡ። ዓመታት ሲያልፉ በመቶዎች ሆኑ፤ ዶን ቦስኮ የሚለው ስምም ከቱሪን አልፎ ሄደ።

ይህ ሰው ልጆችን እንዴት እንደሚሰበስብ ያወቀው ከመጽሐፍ አልነበረም። ቤኪ በምትባል መንደር በ1815 ሲወለድ ድሃ ነበር፤ አባቱም የሞተው ገና በሁለት ዓመቱ ነው። ከፍ ሲል ገመድ ላይ መራመድና የዓይን ማታለያ ጨዋታ ተማረ። እሑድ እሑድ ሜዳ ላይ ትርኢት ያሳያል። ክፍያው ግን ገንዘብ አልነበረም፤ መጀመሪያ ጸሎት ይደገማል፣ ጠዋት የተሰማው ስብከት በአጭሩ ይተረካል፣ ጨዋታው ከዚያ በኋላ ነው። መጸለይ የማይፈልግ ትርኢቱን አያይም። ብልጥ ልጅ! ካደገ በኋላ ይህን ዘዴ ለሰስ አድርጎታል፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የቱሪን ልጆች ችግር ጸሎት አለማወቅ ብቻ አልነበረም። ከገጠር መጥተው በየግንባታውና በየወርክሾፑ የሚቀጠሩ፣ ጌታቸው እንደፈለገ የሚያሠራቸው ለማኝ አከል ልጆች ነበሩ። ዶን ቦስኮ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ በ1853 በገዛ ቤቱ የጫማ ሥራና የልብስ ስፌት ክፍል ከፈተ፤ ቀጥሎ የመጽሐፍ ጥረዛ፣ የእንጨት ሥራ፣ በኋላም ማተሚያ ቤትና የብረታ ብረት ሥራ ተጨመረ። ሁለተኛው ይበልጥ ይገርመኛል። ውጭ ለሚቀጠሩት ልጆች ቴምብር ያለበት ውል ማዋዋል ጀመረ። አሠሪው ልጁን ከሙያው ውጭ በአሽከርነት አያሠራም፤ ሲያጠፋ በቃል ይገሥጸዋል እንጂ አይመታውም፤ የበዓል ቀን ያሳርፈዋል፤ በዓመት አሥራ አምስት ቀን ዕረፍት ይሰጠዋል። ይህ ሁሉ በ1850ዎቹ መጀመሪያ ነው! ዛሬ ስንቱ ጋራዥ ውስጥ ያለ ረዳት ልጅ እንዲህ ያለ ወረቀት ፈርሟል?

ሰውየው በ1888 አረፈ። የእሱ ማኅበር አባላት፣ ሳሌዥያን የሚባሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ መቀሌ ገቡ፤ ከዚያ ዲላ፣ ዝዋይ፣ አዲስ አበባ እያሉ ሰፉ። መቀሌ ላይ ስማቸውን ያስጠራው የቴክኒክ ትምህርት ቤታቸው ነው። ግቢያቸው ኳስና ጸሎት፣ ኤሌክትሪክና መዝሙር ጎን ለጎን የሚውሉበት ግቢ ነው።

እዚህ ላይ የቱሪንን አውራጃ፣ ፒዬሞንትን፣ በልባችሁ ያዙልኝ። ከዚያው አውራጃ፣ ከዚያው ከጋሬሊ አገር ከአስቲ አካባቢ፣ ሌላም ሰው ወደ እኛ መጥቷል። ጉልዬልሞ ማሳያ የሚባል የካፑቺን መነኩሴ ነው፤ የእኛ ሰው አባ ማስያስ ያለው። እ.ኤ.አ. በ1846 ምፅዋ ደርሶ ሰላሳ አምስት ዓመት ያህል በዚህ ምድር ተንከራተተ፤ ተባረረ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ተባረረ። የእሱ ተከታዮች እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ሐረር ገብተው ሚስዮናቸውን ተከሉ። የራስ መኮንንን ልጅ ተፈሪን ፈረንሳይኛ ካስተማሩት አንዱ በዚያ ሚስዮን ያደጉት አባ ሳሙኤል ነበሩ። እምነትና የውጭ አገር ጥበብ በአንድ በር ሲገቡ በምሥራቁ አገራችን ይህ የመጀመሪያቸው ባይሆን እንኳ ዋነኛው ነው።

ከዚያ ባቡሩ መጣ። ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ እኔም ላስረዝመው አልፈልግም። ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግና ለሊዮን ሼፍኖ ፈቃድ ሰጡ፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሣ፤ ሐረር ሊወጣ ታስቦ ተራራው ዋጋ ስላስወደደው ሜዳው ላይ ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ከተማ ተወለደ። መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ፤ ስሙ አልያዘም፤ ድሬዳዋ ሆነ። አዲስ አበባ ለመድረስ እስከ 1909 ዓ.ም. ፈጀበት።

የሚነገረው ሁልጊዜ ስለ ጣቢያው ነው። ለእኔ ግን የድሬ ትልቁ ትምህርት ቤት የባቡሩ ወርክሾፕ ነበር። መለዋወጫ ከፈረንሳይ እስኪመጣ ወራት ስለሚፈጅ፣ የተሰበረውን ዕቃ እዚያው ያቀልጡታል፣ በቶርኖ ይቀርጹታል፣ ይሞርዱታል፣ ይገጥሙታል። አባት ልጁን ይዞ ይገባል፤ ልጅ መፍቻ በማቀበል ይጀምርና ሎኮሞቲቭ ፈታትቶ በመግጠም ይጨርሳል። ፈረንሳይኛውንም የሚለምደው ከዚያው ከብሎንና ከመዶሻ ስም ነው። ድሬ ላይ «የእጅ ሙያ ያለው ሰው» ሲባል መከበር የለመደው ከዚያ ቤት ይመስለኛል።

ኋላ አሮጌው መስመር ወደ አዲስ አበባ መሄዱን አቆመ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. አዲሱ ባቡር ተመረቀ፤ ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠራ። ይህኛው በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፤ ምልክቱም መቆጣጠሪያውም በኮምፒውተር። ለዚህ ባቡር መዶሻ ማቀበል አይበቃም። ሙያው ከመዶሻ ወደ ሽቦ፣ ከሽቦ ወደ ኮድ ተሻገረ፤ የድሬ ልጅ መፍቻ እያቀበለ የሚገባበት በር ግን አብሮት አልተሻገረም። የኔ ነገር እዚህ ላይ ነው።

ቤተ ክርስቲያንና ኤሌክትሮኒክስ ምን አገናኛቸው የሚል ካለ ደግሞ ሬዲዮ ብሥራተ ወንጌልን ያስታውስ። የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አዲስ አበባ ላይ የተከለው፣ በየካቲት 1955 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመረቁት፣ በአጭር ሞገድ ከአፍሪካ አልፎ እስያ ድረስ የሚሰማ ጣቢያ ነበር። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰው። የያኔው ወላጅ ከዜናው በፊት የሚያስታውሰው የጥራቱን ነገር ነው፤ ድምፁ ጥርት ያለ። ጥርት እንዲል ያደረጉት ደግሞ ከማሠራጫው ጀርባ ቆመው የመለኪያ መርፌ የሚያነቡ ቴክኒሻኖች ናቸው።

አሁን ፒዬሞንትን ለሦስተኛ ጊዜ ላምጣላችሁ። ከቱሪን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ኢቭሬያ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ2005 እዚያ በነበረ የዲዛይን ተቋም ያስተምሩ የነበሩ ሰዎች ተቸገሩ። ተማሪዎቻቸው መሐንዲሶች አይደሉም፤ ገበያ ላይ ያለው የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ደግሞ ውድና አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ርካሽ፣ ቀላል፣ ንድፉ ለሁሉም ክፍት የሆነ ትንሽ ሰሌዳ ሠሩ። ስም ሲያጡለት ማታ ማታ በሚሰበሰቡበት መጠጥ ቤት ስም ሰየሙት። መጠጥ ቤቱም የተሰየመው ከሺህ ዓመት በፊት የጣሊያን ንጉሥ በነበረ ሰው ነው፤ አርዱዊኖ። ዛሬ በዓለም ላይ ኤሌክትሮኒክስ የሚጀምር ብዙ ልጅ መጀመሪያ የሚይዛት ሰሌዳ ይህቺው ነች፤ ከመዳፍ የማትበልጥ።

ምን ታደርጋለች ያላችሁ እንደሆን፣ ተጠግታችሁ እዩ። ልጁ ፊት ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነች ነጭ መሰካኪያ አለች። በጣት ጫፍ የምትያዝ ቀይ አምፖል ይሰጠዋል፤ ሁለት እግር አላት፣ አንዱ ረዘም ይላል። ረጅሙ ወደ ፖዘቲቭ ነው። ገልብጦ ከሰካት አትበራም፤ መቆጣትም የለባችሁም፣ ገልብጦ መሰካት የትምህርቱ ክፍል ነው። በመንገዷ ላይ ቀይ፣ ቀይ፣ ቡናማ መስመር ያላት ሬዚስተር ትገባለች፤ 220 ኦም ማለት ነው። እሷ ከሌለች አምፖሏ ከሚገባት በላይ ጠጥታ ትቃጠላለች። ከዚያ ልጁ ላፕቶፑ ላይ አራት መስመር ይጽፋል፤ አብራ፣ 1,000 ሚሊ ሰከንድ ጠብቅ፣ አጥፋ፣ 1,000 ሚሊ ሰከንድ ጠብቅ። ይልከዋል። አምፖሏ ብልጭ ድርግም ማለት ትጀምራለች።

ይህ ምን ይገርማል ትሉ ይሆናል። የሚገርመው ቀጥሎ ነው። ማንም ሳይነግረው ልጁ 1,000ውን አጥፍቶ 100 ይጽፋል። አምፖሏ ትፈጥናለች። 20 ያደርገዋል፤ እየተንቀጠቀጠች ትበራለች። 5 ሲያደርገው ብልጭታው ይጠፋና ደንገዝ ያለ የማይቋረጥ ብርሃን ይሆናል፤ ዓይናችን ያን ያህል ፍጥነት አይለይም። ማንም ሳያስተምረው ልጁ ስለ ዓይኑ አንድ ነገር አወቀ። ያቺን ሰዓት ነው ማፏጨት ትችላለህ ተብሎ እንደተጠየቀው ልጅ የሚስቀው።

እዚሁ ከጎረቤታችን ከሐረር አንዲት ልጅ እንዲህ ነው የጀመረችው። ቤተልሔም ደሴ እ.ኤ.አ. በ1999 የተወለደች ናት። አባቷ ኤሌክትሮኒክስ ይሸጣሉ። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ልደቷን ልታከብር ገንዘብ ጠየቀች፤ አልተገኘም። እሷም ሱቁ ውስጥ ያለውን ኮምፒውተር ይዛ ለደንበኞች ቪዲዮ ማቀናበርና ሙዚቃ ወደ ስልካቸው መጫን ጀመረች፤ 90 ዶላር ያህል ሠራች። ከዚያ ኮድ፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ገና በልጅነቷም ወደ መንግሥት የመረጃ መረብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ወደ ኢንሳ። ኋላ ጌትነት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2013 ካቋቋመው አይኮግ ላብስ ጋር ሆና ለልጆች ኮድ የሚያስተምረውን «ኤኒዋን ካን ኮድ» መርታለች። ሶፊያ የተባለችው ሮቦት ሶፍትዌር ላይ እጁን ያስገባው ያው አይኮግ ነው። ልብ በሉ፤ ልጅቷን ያወጣት መጀመሪያ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ክፍት የነበረ ሱቅና ለመንካት የተፈቀደ ዕቃ ነው። ሁሉ ሰው ግን ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥ አባት የለውም። አባት ለሌለው ጋሬሊ ሱቁን ማን ይከፍትለታል?

መንግሥት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ከፍቷል። ነፃ ነው፤ በኢንተርኔት ነው፤ ስትጨርስ ሰርተፊኬት ይሰጣል። መልካም ነው፤ ማንም ልጁን ያስመዝግብ። ነገር ግን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በስልክ ስክሪን፣ በእንግሊዝኛ፣ ብቻውን፣ ኔትዎርክ ሲሄድና ሲመጣ፣ ቤቱ ሲሞቅ፣ ስንት ቀን ይቆያል? ሰርተፊኬቱን ያተመውንም ልጅ አንድ የተበላሸ ቻርጀር ፊቱ አድርጋችሁ ይኼ ለምን አይሠራም ብትሉት ዝም የሚላችሁ ብዙ ነው። ሰርተፊኬት በሽ በሽ ሆኗል፤ የጎደለው የሚነካ እጅ ነው።

ለዚህ ነው የክረምት ካምፕ የምለው። ቤተ ክርስቲያን ለክረምት ትምህርት እንግዳ አይደለችም። ሰንበት ትምህርት ቤቱ በክረምት ይሞላል፤ የወንጌል አማኞቹ ልጆችን ሰብስበው መጽሐፍ ቅዱስና መዝሙር ያስተምራሉ። ጠዋት ጸሎትና ቃል፣ ከዚያ ሽቦና ኮድ፣ ፀሐይዋ ሲበርድላት ኳስ። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ ቱሪን ላይ የተሠራ ነው። ኢንተርኔት ሁልጊዜ አያስፈልግም፤ የአርዱዊኖው ፕሮግራም አንዴ ከተጫነ ያለ ኔትዎርክ ይሠራል። ለትንንሾቹ ስክራች የሚባለው በሥዕል ብሎክ ኮድ ማስተማሪያ አለ፤ እሱም ያለ ኢንተርኔት ይሄዳል፣ አማርኛም አለው። መብራት ቢጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ሰሌዳዋን ይመግባታል፤ የምትፈልገው አምስት ቮልት ነው። መፍቻና የሚፈታ ዕቃ ደግሞ ታይዋን ገበያ ምን ሊያሳጣችሁ! የሞተ ሬዲዮ፣ የሞተ ማራገቢያ፣ የሞተ ቻርጀር። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፤ ከሶኬት የተነቀለ ዕቃ ውስጥ ያለው ካፓሲተር ኤሌክትሪኩን ይዞ ይቆያል። ልጅ ክዳን ከመክፈቱ በፊት አዋቂ ይፈትሸው።

ምን ይሥሩ? ሮቦት አትበሉኝ። ሮቦቱ ለሽልማት ቀን ይደርሳል። የድሬ ልጅ መጀመሪያ መሥራት ያለበትን ወንዙ ደቻቱ ይነግረዋል።

ሐምሌ 29 ለ30፣ 1998 ዓ.ም.፣ ለእሑድ አጥቢያ። የነበረ ሰው አይረሳውም፤ ያልነበረም ሰምቷል። ከዓመት ዓመት አሸዋ ብቻ የሚታይበት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ መጣ፤ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ፤ ቤቶችን ከነተኙት ሰዎች ጠረገ። ክፋቱ ይህ ነው፤ ውሃው የሚመጣው ከደንገጎ በኩል፣ ከደጋው ነው። ላይ ሲዘንብ ታች ኮከብ ይታያል። የተኛ ሰው የሚሰማው ድንገት የድንጋዩን መንከባለል ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚቀረው የደቂቃ ዕድሜ ነው።

ከከተማው ወደ ላይ ርቆ፣ ወንዙ ጠበብ በሚልበት ቦታ፣ ከአሸዋው ሦስት ሜትር ከፍ ብላ የተሰቀለች አንዲት ሴንሰር አስቡ። ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ታች ትለቃለች፤ ድምፁ መሬቱን ነክቶ ሲመለስ ጊዜውን ትቆጥራለች። ሦስት ሜትር ወርዶ ሦስት ሜትር ለመመለስ 17 ሚሊ ሰከንድ ተኩል ያህል ይፈጃል። ውሃው ከፍ ሲል ጊዜው ያጥራል። ከተወሰነው በታች ካጠረ ሰሌዳዋ በሲም ካርድ መልእክት ትልካለች፤ ታች ሳይረን ይጮኻል። ኮዱ ከመጀመሪያዋ ብልጭ ድርግም ብዙ አይረዝምም። ልጅ በአንድ ክረምት ይደርስበታል።

ታዲያ ነገሩ እዚህ ላይ ይጣፍጣል። መጽሐፉ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይሄዳል ይላል። ያ ግን ለ20 ዲግሪ ሙቀት ነው። ድሬ 35 ሲሆን ድምፅ ይፈጥናል፤ 352 ይደርሳል። ልጁ የመጽሐፉን ቁጥር አምኖ ከጻፈ፣ ሦስት ሜትር ላይ ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል ይሳሳታል፤ ሴንሰሯ በጠራራ ፀሐይ «ውሃ ጨመረ» ትለዋለች። ስለዚህ ሙቀት መለኪያ ይጨምራል፤ ቀመሩን ያርማል። ርካሿ ሴንሰር ከ4 ሜትር በላይ እንደማታይም ያውቃል፤ የት እንደሚሰቅላት ያስባል፤ ሌሊት በምን ትሠራለች ብሎ ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳና ባትሪ ይፈልጋል፤ ኔትዎርክ ቢጠፋስ ይላል። ይህን የመሰለ ጥያቄ በኢንተርኔት ኮርስ አይገኝም። የልጆች ሥራ የከተማን የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ይተካል አላልኩም፤ ያ የባለሙያና የመንግሥት ዕዳ ነው። እኔ የምለው፣ ደቻቱን የሚለካ ልጅ ነገ ያን ሥራ የሚረከበው ሰው ነው።

አሁን ወደሚከብደው ልግባ። አንዳንድ ሽማግሌዎች ይህ ዓለማዊ ነው፣ ቤተ እግዚአብሔርን ጋራዥ አታድርጉት ይላሉ። አከብራቸዋለሁ፤ ግን አናጺውን ጌታ የሚያመልክ ቤት የሙያ ዕቃ አይጠላም። ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጣል። ድሬ ከአሥር ሰው ሰባቱ ሙስሊም የሆነባት ከተማ ናት፤ የ1999ኙ ቆጠራ የሚለው ይህንን ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ካምፕ በር ላይ ሙስሊሙ የመጋላ ሰፈር ልጅ ሲመጣ ምን ይባላል? ይግባ ነው የምለው። ጸሎቱ የራሱን ሰዓት ይያዝ፤ ኮምፒውተሩ ማጥመጃ አይሁን። ካልጸለያችሁ ትርኢቱን አታዩም የሚለውን የልጅነት ዘዴውን ዶን ቦስኮ ራሱ ካደገ በኋላ በማፏጨት ለውጦታል። መስጊዱም አዳራሽ አለው፤ እሱም ቢከፍት የእኛ ልጅ ቢሄድ ቅር አይለኝም። ድሬ እንዲህ ስትኖር ነው ድሬ የምትሆነው።

ሦስተኛው፣ ስለ ልጆች ደኅንነት ነው። ልጅ የሚሰበሰብበት ቦታ ሁሉ በር ክፍት ይሁን፤ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን አይቆይ፤ ወላጅ ባሻው ሰዓት ገብቶ ይይ። ይህን የማያሟላ ካምፕ ቢዘጋ ይሻላል።

እንግዲህ ለምድር ባቡር ጡረተኞች፣ ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ጠጋኞች፣ ክረምት ወደ ቤት ለሚመለሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጥያቄ አለኝ። በሳምንት ሁለት ጠዋት ስጡ። ከአጥቢያችሁ ኮሚቴ ጋር ግንቦት ላይ ተነጋገሩ፤ ሰኔ የፈተና ወር ስለሆነ ማንም ጊዜ አይኖረውም። ለሃያ ልጅ አሥር ሰሌዳ ይበቃል፤ ሁለት ሁለት ሆነው ይሥሩ። ከሃያው አሥሩ ሴቶች ይሁኑ።